በየበዓሉ የምትጋግር ቤት፦ በባሕር ዳር አንዲት ዳቦ ቤት ከጀርመኖች ዓመት የቀመስኩት

በባሕር ዳር ከሐይቁ ብዙም ሳይርቅ፣ ዘንባባ ከተሰለፈበት መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አራት ጠረጴዛ ብቻ ያላት አንዲት ዳቦ ቤት አለች። ባለቤቲቱ የራሳቸውም የቤታቸውም ስም እንዲጻፍ ስላልወደዱ ፈቃዳቸውን አክብሬ ስም አልጠራም፤ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ» ስለሚላቸው እኔም እትዬ እላቸዋለሁ። እትዬ ወጣትነታቸውን በጀርመን በድሬስደን ከተማ ያሳለፉ፣ የዳቦ ሙያንም እዚያው የተማሩ ሴት ናቸው። በአዘቦት ቀን የሚሸጡት እንደማንኛውም የሰፈር ዳቦ ቤት የስንዴ ዳቦና ቦምቦሊኖ ነው። ቤቲቱን ከሌሎች የሚለያት ከመግቢያው በስተግራ ያለው ባለ መስታወት መደርደሪያ ነው። በዚያ ላይ ጀርመኖች በየበዓላቸው የሚጋግሩት ይቀመጣል፤ የሚቀመጠውም ጊዜው ሲደርስ ብቻ ሲሆን፣ በዓሉ ሲያልፍ ደንበኛ ቢለምንም መደርደሪያው ባዶውን ይውላል።

ይህን አስተያየት ለመጻፍ የ2017 ዓ.ም. በዓላትን አንድ በአንድ ተከትዬ ከመደርደሪያው ላይ ገዝቻለሁ። የበዓል ምግብ በአንድ ቀን ጉብኝት አይመዘንም። ሁዳዴን ጾሞ በፋሲካ ሌሊት ዶሮ ወጥ ያልቀመሰ ሰው ስለ ዶሮ ወጥ ሙሉ ፍርድ ሊሰጥ እንደማይችል ሁሉ፣ የእነርሱንም ዳቦ ከሚጠበቅበት ቀን ነጥሎ መፍረድ ተገቢ መስሎ አልታየኝም።

በመደርደሪያው ላይ ዓመቱ የሚጀምረው ኅዳር 2 ቀን፣ በእነርሱ ኖቬምበር 11፣ በቅዱስ ማርቲን ቀን ነው። ማርቲን በአራተኛው ክፍለ ዘመን የሮማ ወታደር የነበረ፣ በአሚያን ከተማ በር ላይ በብርድ ለሚንቀጠቀጥ ነዳይ ካባውን በሰይፍ ለሁለት ከፍሎ ያለበሰ፣ በኋላም የቱር ጳጳስ የሆነ ቅዱስ ነው። በጀርመን በዚያ ምሽት ልጆች ከወረቀት የሠሩትን ፋኖስ ይዘው እየዘመሩ በጎዳና ይሄዳሉ፤ በራይን ወንዝ አካባቢም ቬክማን የሚባል፣ ዓይኖቹ ዘቢብ የሆኑ፣ በሰው አምሳል የተጋገረ ዳቦ ይሰጣቸዋል። ይህን ሲነግሩኝ ወዲያው ትዝ ያለኝ ቡሄ ነው፤ ችቦው፣ ሆያ ሆዬው፣ ከየደጁ ለልጆች የሚታደለው ሙልሙል። እትዬ በዚያ ቀን የሰፈሩን ልጆች ሰብስበው፣ ፋኖስ አስይዘው ወደ ሐይቁ ዳር አወጧቸው። የጣና ነፋስ ሻማዎቹን ገና በመንገድ ላይ ስላጠፋቸው ግማሹ ጉዞ በጨለማ ተኬደ፤ ለወደፊቱ በሻማው ፈንታ ትንንሽ የባትሪ መብራት ቢጠቀሙ እመክራለሁ። ዳቦው ግን እንከን አላገኘሁበትም። ወተት የገባበት ሊጥ ስለሆነ ከሙልሙል ይልቅ ወደ ጣፋጭነት ያዘነብላል፤ በማግስቱም ከቡና ጋር ሲበላ ለስላሳነቱ አልቀነሰም።

የማርቲን ቀን በቀድሞው ዘመን የጾም መግቢያም ነበር። ምዕራባውያን ከማርቲን በዓል አንሥተው እስከ ገና ድረስ የሚጾሙት ጾም ነበራቸው፤ እስከ ዛሬ በዚያ ቀን ዝይ ጠብሰው መብላታቸው ለእኛ በደንብ የሚገባን ነገር፣ ቅበላ ነው። ይህን ጾም ያላወቀ ሰው ቀጥሎ የሚመጣውን ስቶለንን በትክክል ሊረዳው አይችልም።

ስቶለን የድሬስደን የገና ዳቦ ሲሆን፣ በከተማዋ በነበረ አንድ የበርተሎሜዎስ ሆስፒታል የሒሳብ መዝገብ ላይ በ1474 እ.ኤ.አ. ተጽፎ ይገኛል። በዚያ ዘመን የጾም ዳቦ ነበር፤ ዱቄት፣ እርሾና ውሃ እንጂ ቅቤም ወተትም አይገባበትም። ድሬስደን የምትገኝበት የሳክሶኒ ግዛት ጋጋሪዎች በቅቤ ፈንታ ዘይት ለመጠቀም ይገደዱ ነበር፤ በአገራቸው ደግሞ ወይራ ስለማይበቅል ጥሩ ዘይት ማግኘት ይቸገሩ ነበር። ስለዚህ የሳክሶኒ ገዢዎች የነበሩት ኤርንስትና ወንድሙ አልብሬኽት ቅቤ እንዲፈቀድላቸው ወደ ሮማ ለመኑ። ፈቃዱ በ1491 እ.ኤ.አ. ከርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኢኖሰንት 8ኛ «የቅቤ ደብዳቤ» ተብሎ በሚታወቀው ጽሑፍ መጣ፤ በጾም ቅቤ የሚጠቀሙም ለቤተ ክርስቲያን ሕንፃ የሚውል ገንዘብ እንዲከፍሉ ተወሰነ። የጾም ሥርዓት በክፍያ እንደሚላላ መስማት ለእኔ ከባድ ነበር፤ ሆኖም ከዛሬው የስቶለን ሀብታምነት ጀርባ ያለው ታሪክ ይህ ነው።

እትዬ ታዲያ ሁለቱንም ይጋግራሉ፤ ከ1491 በኋላ ያለውን ባለ ቅቤውንም፣ ከዚያ በፊት የነበረውን የጾሙንም። ለእኔ የዚህች ቤት ትልቁ ሥራ ይህ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 28 ድረስ ጾመ ነቢያት ስለሆነ፣ የጀርመኖች የገና ሰሞን አድቬንት ከሚባሉት ከገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች ጀምሮ እስከ ዋናው በዓላቸው ድረስ የሚውለው ሙሉ በሙሉ በእኛ ጾም ውስጥ ነው። ሌላ ነጋዴ ቢሆን ይህን እንደ እንቅፋት ቆጥሮ ያልፈው ነበር። እትዬ ግን ስቶለን ራሱ ከጾም የተወለደ ዳቦ መሆኑን ስለሚያውቁ ወደ ጥንቱ አሠራር ተመለሱ። መጀመሪያ በኑግ ዘይት ሞክረው ዳቦው ጠቆረባቸው፤ የኑጉም ሽታ ቅመሙን ሸፈነው። በሱፍ ዘይት ሲሠሩት ግን ተስተካከለ። ዘቢቡ ጀርመኖች እንደሚያደርጉት ሮም በሚባለው የአልኮል መጠጥ ሳይሆን በጠጅ ተዘፍዝፎ ያድራል። በሊጡ ውስጥ የሚገባው በስኳር የበሰለ ልጣጭ ደግሞ የትርንጎ ነው፤ ጀርመኖች ከሩቅ አገር የሚያስመጡትን ይህን ፍሬ እትዬ ከገበያ በዘንቢል ይዘውት ይገባሉ። የትርንጎው ልጣጭ ወፍራም ስለሆነ ስኳሩን በደንብ ይጠጣል፤ ሲታኘክ የሚሰጠው መዓዛም በፋብሪካ ታሽጎ በሚመጣው ልጣጭ ውስጥ አይገኝም።

ስቶለን ከምድጃ እንደወጣ የሚበላ አይደለም። በጨርቅ ተጠቅልሎ በቀዝቃዛ ቦታ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ያህል ሲቆይ ቅመሙና ፍሬው ከሊጡ ጋር ይዋሐዳሉ። ላዩ በተፈጨ ስኳር ነጭ እስኪሆን የሚለብሰውም በጨርቅ የተጠቀለለውን ሕፃኑን ኢየሱስን እንዲመስል ነው ይባላል። እኔ አንድ የጾምና አንድ የፍስክ ገዛሁ፤ ቀኑ ኅዳር 22፣ የአድቬንት የመጀመሪያው እሑድ ነበር። የጾሙን ታኅሣሥ 15 ማታ፣ ጀርመኖች ስጦታ በሚሰጣጡበት ዋዜማ ቆረስነው። የፍስኩን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልዬ ከጓዳ አስቀመጥኩትና 37 ቀን ጠብቆ በእኛው ገና ታኅሣሥ 29 ከጥሉላቱ ጋር ወደ ገበታ ወጣ። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ብትሆንም ቀኑ ይሞቃልና ይበላሻል ብዬ ሰግቼ ነበር፤ አልተበላሸም፤ እንዲያውም ከሁለቱ የበለጠው እርሱ ሆነ። ገዢዎች አንድ ነገር ይወቁ፤ የጾሙን ከጫፉ ጀምሬ በመቁረጤ የተረፈው በሁለት ቀን ደረቀብኝ። እትዬ በኋላ እንዳስረዱኝ ስቶለን የሚቆረጠው ከመሐሉ ነው፤ የተፈለገው ያህል ከተወሰደ በኋላ ሁለቱ ግማሾች ተገጣጥመው ይጠቀለላሉ።

ከባዱ ቅሬታዬም ከዚሁ ዳቦ ጋር የተያያዘ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ለአክስቴ የጾም ስቶለን እንዲሰጠኝ አስተናጋጁን ጠይቄ የተጠቀለለውን ይዤ ሄድኩ። አክስቴ ገና ጨርቁን ስትፈታ የቅቤ ሽታ አውቃ አስቀመጠችው። ቤቱ ምንም ሳይከራከር ለወጠልኝ፤ እትዬም ራሳቸው አክስቴ ቤት ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ። ቢሆንም የአፍንጫዋ ንቃት ባይኖር ኖሮ የአንዲት አረጋዊት ጾም በሌላ ሰው ስሕተት ይፈታ ነበር። ሁለቱ ዳቦዎች በመልክ ስለማይለዩ «የጾም» እና «የፍስክ» የሚል ጽሑፍ በጨርቁ ላይ ሊለጠፍ ይገባል፤ ይህ በቶሎ መስተካከል ያለበት ጉዳይ ነው።

በዚያው ሰሞን ከስቶለኑ ጎን ሌብኩኸን የሚባለው የማር ብስኩት ይቀመጣል። የዚህ ብስኩት ዋና አገር ኑረምበርግ ነው፤ ከተማዋን የከበበው ደን ድሮ የንጉሠ ነገሥቱ «የንብ አትክልት» እስከ መባል የደረሰ የማር አገር ነበር፤ ቅመም ጫኝ ነጋዴዎችም በከተማዋ ያልፉ ነበር። የጎጃም ማር፣ ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ ዝንጅብልና ሄል በአንድ ገበያ በሚገኙበት ከተማ ይህ ብስኩት እንግዳ አይመስልም፤ የማሩ ጣዕምም ጥልቅ ነው። ነገር ግን ቤቱ በአልመንድ ፈንታ ኦቾሎኒ መጠቀሙ አላስደሰተኝም። ኤሊዘን የሚባለው ምርጡ ሌብኩኸን ቢያንስ 25 በመቶ አልመንድ፣ ሐዝልነት ወይም ዎልነት ሊኖረው፣ ዱቄቱም ከ10 በመቶ ሊበልጥ እንደማይገባ በጀርመን ተደንግጓል። የአልመንድ ዋጋ እንደማይቀመስ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በዚያ ስም ከሚሸጥ ተራ የማር ብስኩት ተብሎ ቢሸጥ እውነተኛው መንገድ ነው።

በባንኮኒው ላይ በጽድ ቅርንጫፍ የተጎነጎነ አክሊል ተቀምጦ በየእሑዱ ከአራቱ ሻማዎች አንድ አንድ እየተጨመረ ይበራል። ይህን ልማድ የጀመረው በ1839 እ.ኤ.አ. በሃምቡርግ የድሆች ልጆች ማሳደጊያ የመሠረተው ዮሐን ሂንሪኽ ቪኸርን ነው፤ ልጆቹ ገና መቼ ነው እያሉ ስለሚጨቀጭቁት በጋሪ መንኮራኩር ላይ ሻማ ደርድሮ ቀኑን በየዕለቱ ያስቆጥራቸው ነበር።

ኅዳር 27፣ በእነርሱ ዲሴምበር 6፣ የቅዱስ ኒኮላስ ቀን ነው። ልጆች በዋዜማው ጫማቸውን ጠርገው ከበር ያስቀምጣሉ፤ ጠዋት ጣፋጭ ሞልቶ ያገኙታል። የእኛ ስንክሳር ይህንኑ የሜራ ጳጳስ ኒኮላስን የሚያስበው ታኅሣሥ 10 ሲሆን፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 13 ቀን ነው። ገናም እንዲሁ ነው፤ የእነርሱ ታኅሣሥ 16፣ የእኛ ታኅሣሥ 29። የመጥምቁ ዮሐንስ ልደትም እንዲሁ፤ የእነርሱ ሰኔ 17፣ የእኛ ሰኔ 30። ምክንያቱ ሮማ በ1582 እ.ኤ.አ. የዘመን አቆጣጠሯን ማስተካከሏ ነው፤ ፕሮቴስታንት የነበሩት የጀርመን ግዛቶችም በ1700 ተከተሏት፤ እኛ በጥንቱ ቆየን። እትዬ ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን በእጃቸው የጻፉበት የቀን መቁጠሪያ በግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ቡና እየጠጡ እርሱን ማንበብ ብቻውን ወደዚያ ቤት ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው።

የዐቢይ ጾም ዋዜማ በጀርመንኛ ፋስትናኽት ይባላል፤ ትርጉሙ የጾም ዋዜማ ሌሊት ማለት ስለሆነ ቃሉ በቀጥታ ቅበላችን ነው። በዚያ ሰሞን በኮሎኝና በማይንስ ጎዳናው በሰልፍ ይሞላል፤ በየቤቱም ክራፕፈን ይጠበሳል፤ ስብና እንቁላል ከጾሙ በፊት ማለቅ ስላለበት ነው። ቦምቦሊኖ ለለመደ የባሕር ዳር ሰው ክራፕፈን እንደ ቅርብ ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ ቀዳዳ የሌለው፣ በውስጡ ጃም የያዘ፣ ሊጡም በእንቁላል የበለጸገ መሆኑ ነው። በ2017 ሁዳዴ የካቲት 17 ሲገባ የእነርሱ ጾም ገና ከሳምንት በላይ ይቀረው ስለነበር፣ እትዬ ቀኑን በእኛ ቅበላ አድርገው በዋዜማው እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ጠበሱ። ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ሰልፉ እስከ መንገድ ደረሰ። ጃሙ ግን በጣም ጣፋጭ ስለሆነ ሁለተኛውን ለመጨረስ ተቸገርኩ፤ ሎሚ ቢጨመርበት ይሻላል።

ፋሲካን በሚመለከት የ2017 አቆጣጠር ቸር ነበረ፤ ሁለቱ ፋሲካዎች ሚያዝያ 12 ቀን ገጠሙ። በመደርደሪያው ላይ የነበረው ሁለት ቁራጭ ባለው ቅርጽ የሚጋገር፣ የተኛ በግ የሚመስል ኬክ ነው። በጉ የምን ምሳሌ እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻኝም። ኬኩ ቀለል ያለና መጠነኛ ጣፋጭ ነው። ከኬኩ ይልቅ ልቤን የወሰዱት እንቁላሎቹ ናቸው። ጀርመኖች በጾም ሳይበላ የተጠራቀመውን እንቁላል ለፋሲካ ቀለም ነክረው ያስጌጡ ነበር፤ ከድሬስደን በስተምሥራቅ በላውዚትዝ የሚኖሩት ሶርቦች ደግሞ በላባ ጫፍ ቀልጦ የጋለ ሰም እየነከሩ በእንቁላሉ ላይ ነጠብጣብና ሦስት ማዕዘን ይሥላሉ፤ ሰሙ ያረፈበት ቦታ ቀለሙን ስለማይቀበል ሥዕሉ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እትዬ ይህን ጥበብ ያውቁታል። ሰሙ ከማሩ የተረፈ ነው፤ ላባው የዶሮ፣ ቀለሙ በተቀቀለ የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ የወጣ ቡናማ ቀይ። በሕማማት ሳምንት ከምሽት በኋላ በአራቱ ጠረጴዛዎች ዙሪያ ልጆችና እናቶች ተቀምጠው እንቁላል ሲሥሉ አይቻለሁ፤ የሚበላ ነገር ስላልነበረ የማንም ጾም አልተነካም፤ ድምፅም እምብዛም አይሰማም ነበር። አንዲት ልጅ ከጣና ገዳማት የአንዱን መስቀል በእንቁላሏ ላይ ሥላ ለእትዬ ሰጠቻቸው፤ እስካሁንም ከቀን መቁጠሪያው በታች በጥጥ ላይ ተቀምጦ ይታያል። በ2018 ግን የጀርመኖቹ ፋሲካ መጋቢት 27፣ በእኛ ሆሳዕና ቀን ስለሚውል፣ የበጉ ኬክ እስከ ሚያዝያ 4 ድረስ እንዳይወጣ ከወዲሁ ጠይቄያለሁ፤ እትዬም በዚህ ተስማምተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ቀዝቀዝ ያለ ነው። በጀርመን ሚያዝያ 23 የሜይ ዛፍ ተብሎ ያጌጠ ረጅም ግንድ በየመንደሩ ይተከላል፤ ሰኔ 17 በዮሐንስ ዋዜማና በዓል እሳት ይነዳል፤ እነዚህ ግን ከዳቦ ይልቅ የእሳትና የጭፈራ በዓላት ስለሆኑ ክረምቱን መደርደሪያው ባዶ ነው። መስከረም ላይ አንደኛ ክፍል ለሚገቡ ልጆች ጣፋጭና እርሳስ የተሞላ የካርቶን ቀንድ ይዘጋጃል፤ ጀርመናውያን ወላጆች ልጃቸውን በመጀመሪያው የትምህርት ቀን እንዲህ ያለ ቀንድ አስይዘው ይሸኛሉ፤ ለእህቴ ልጅ ገዝቼላት ከደብተሯ በላይ ወዳዋለች። ስለ ኦክቶበርፌስት የሚጠይቅ ደንበኛ አይጠፋም። በ1810 እ.ኤ.አ. ከባቫርያው አልጋ ወራሽ ሉድቪግና ከልዕልት ቴሬዘ ሠርግ የተነሣ የሙኒክ በዓል ነው፤ በዚህ ቤት ግን ቢራ ስለማይሸጥ የሚገኘው ጨው የተነሰነሰበት፣ ብሬዘል የሚባለው ዳቦ ብቻ ነው። እርሱም ጥሩ ነው፤ ትኩሱን ለማግኘት ከሦስት ሰዓት በፊት መድረስ ያስፈልጋል።

ዋጋው ከተራ ኬክ እጥፍ ገደማ ነው። የስቶለኑ ዋጋ ለገባበት ዕቃና ለሚወስደው ጊዜ ተገቢ መስሎኛል፤ የሌብኩኸኑ ግን ኦቾሎኒውን ሳስብ በዝቶብኛል። መብራት በሚጠፋበት ቀን የሚጋገረው ስለሚቀንስ ከሩቅ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ ሰው ልኮ ቢጠይቅ ይበጃል። ጠረጴዛዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በእሑድ ጠዋት ከቅዳሴ መልስ መቀመጫ አይገኝም።

ለመጪው ኅዳር የስቶለን ምዝገባ ተጀምሯል። ዳቦው የሚጠቀለልበትን ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ከቤት ይዞ ለሚሄድ ትንሽ ይቀነስለታል፤ እኔ ለአክስቴ ይዤ በሄድኩት ጨርቅ ጫፍ ላይ እትዬ ራሳቸው በቀይ ክር «የጾም» ብለው ጠልፈውበታል።